«ኧረ!»፦ በአንዲት ፊደል የዳነች ዓይን

የዓይን ጠብታ አጨማመርን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቼበታለሁ፤ ተማሪዎችንም አስተምሬበታለሁ። ሕመምተኛው ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ያጋድማል፣ የታችኛው የዓይን ሽፋን በጣት ወደ ታች ይሳባል፣ የጠርሙሱ አፍ ዓይኑን ሳይነካ አንዲት ጠብታ ትለቀቃለች። አምና ጥቅምት ላይ ኦስሎ ከተማ በሴት ልጄ ሳሎን ውስጥ የሰባት ዓመት የልጅ ልጄን ሶፋ ላይ አጋድሜ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ መነጽሬም ዓይኔ ላይ ነበር። የተሳሳትኩት ጠርሙሱን ነው።

ወደ ኖርዌይ የሄድኩት ልጄን ላርስ ነው። ሁለተኛዋን ወልዳ ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ትልቁ ልጇ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጠዋት ጠዋት ተጣብቆ ይነሳ ስለነበር ሐኪም ጠብታ አዝዞለታል። አማቼም በዚያው ሰሞን ጆሮውን አሞት ጠብታ ተሰጥቶታል። ሁለቱም ትንንሽ ነጭ ጠርሙሶች በማቀዝቀዣው በር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ልጄ ከሕፃኗ ጋር ተኝታለች፣ አማቼ ሥራ ነው። እኔም አንዱን አንስቼ «ድሮፐር» የሚለውን አየሁና፣ ይህ ቃል ጠብታ መሆኑን ከአንድ ቀን በፊት ልጄ ነግራኝ ስለነበር፣ ሌላውን ሳላጣራ ክዳኑን ከፈትኩ።

ልጁ ቀና ብሎ ጠርሙሱን ሲያይ «ኧረ! ኧረ!» ብሎ ጮኸ።

እኔ ደግሞ በአማርኛ የተቃወመኝ መሰለኝ። «ኧረ ምን ኧረ ትላለህ፣ አያምህም እኮ!» አልኩትና ዓይኑን ልይዝ ስል፣ እጄን ገፍቶ ተነሳ። ጠርሙሱን ተቀበለኝ፣ ጣቱን በቃሉ መጀመሪያ ላይ አሳረፈና እንደገና «ኧረ» አለ። ከዚያ የራሱን ጆሮ ጎተተልኝ።

«ኧረ» ማለት በኖርዌይ ቋንቋ ጆሮ ማለት ነው። ዓይን «ኧየ» ይባላል። የዓይን ጠብታ «ኧየድሮፐር»፣ የጆሮ ጠብታ «ኧረድሮፐር» ነው። ሁለቱ ረጃጅም ቃላት የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። በዚያች ፊደል ምክንያት የጆሮ መድኃኒት በልጅ ዓይን ውስጥ ልጨምር ነበር። ለጆሮ ተብሎ የሚዘጋጅ ጠብታ አሲድ ወይም አልኮል ሊኖረው ይችላል፤ ዓይን ላይ የሚያደርሰውን ቃጠሎ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል።

ተማሪዎቼን በቃል የማስጠናቸው ትእዛዝ ነበረኝ፤ ትክክለኛው ሕመምተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው ሰዓት፣ ትክክለኛው መንገድ። ጠርሙሱ ላይ የአማቼ ስም ተለጥፎ ነበር። እሱንም አላነበብኩም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ፣ ውድ አንባብያን፣ አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስና አንድ ማንበብ የሚያስፈራው ልጅ የሰው አገር ረጃጅም ቃላትን እንዴት አብረው መበለት እንደተማሩ ነው።

ማንበብ የሚያስፈራው ልጅ

ያን ዕለት ያዳነኝ ልጅ፣ በትምህርት ቤቱ «በንባብ ቀርፋፋ» የሚባል ነበር። ሁለተኛ ክፍል ነው። በኖርዌይ ልጆች አንደኛ ክፍል የሚገቡት ስድስት ዓመት በሚሞላቸው ዓመት ነው። አጫጭር ቃላትን ያነባል፤ ረጅም ቃል ሲያይ ግን ፊቱን ያዞራል። እናቱ ስታስጠናው ቃሉን ባልሆነ ቦታ ይቆርጠውና ትርጉም ሲያጣበት መጽሐፉን ይዘጋል። አንዳንዴም ያለቅሳል።

ከእኔ ጋር ደግሞ ቋንቋ አያገናኘንም ነበር። አማርኛ «ና»፣ «ብላ»፣ «ተው» ሲባል ይሰማል፣ የሚመልሰው ግን በኖርዌይኛ ነው። «ሙርሙር» እያለ ሲጠራኝ መጀመሪያ ያጉረመረመብኝ መስሎኝ ነበር። «ሙር» እናት ነው፤ «ሙርሙር» የእናት እናት። የአባት እናት «ፋርሙር»፣ የእናት አባት «ሙርፋር»፣ የአባት አባት «ፋርፋር» ይባላሉ። እኛ ሁሉንም «አያት» ብለን የምናጠቃልለውን እነሱ በሁለት ቃላት ብቻ በአራት ይከፍሉታል። የልጅ ልጅ ደግሞ «ባርነባርን» ነው። «ባርን» ልጅ ማለት ነውና ልጅ በልጅ ላይ ተደርቦ፣ ልክ እንደኛው የልጅ ልጅ ይሆናል። የአጎትና የአክስት ልጅ «ሰስከንባርን» ይባላል፤ «ሰስከን» ወንድምና እኅት፣ «ባርን» ልጅ። ይህን ስሰማ ቋንቋው ያን ያህል ባዕድ እንዳልሆነ ገባኝ።

የመጨረሻው ቃል የቤቱ ባለቤት ነው

የኖርዌይ ሰዎች ሁለትና ከዚያ በላይ ቃላትን አጋጥመው አንድ ቃል ያደርጋሉ፤ ሲጽፉም በመካከል ቦታ አይተዉም። እኛም ጥምር ቃላት አሉን፤ ምግብ ቤት፣ እግር ኳስ፣ ሳንባ ምች። የእኛዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተለያይተው ይጻፋሉ። «ፉትባል» የእነሱ እግር ኳስ ነው፤ «ፉት» እግር፣ «ባል» ኳስ። አጣብቀው ይጽፉታል።

ልጄ ያስተማረችኝ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው። ረጅም ቃል ስታዪ መጀመሪያ መጨረሻውን እዪ። የመጨረሻው ቃል ነገሩ ምን እንደሆነ ይነግርሻል፣ ከፊቱ ያለው ደግሞ ምን ዓይነት እንደሆነ። «ሲክ» የታመመ ነው። «ሲከሁስ» መጨረሻው «ሁስ» ነው፣ ቤት። ስለዚህ የበሽተኛ ቤት፣ ሆስፒታል። «ሲከቢል» መጨረሻው «ቢል» ነው፣ መኪና። አምቡላንስ ነው። «ሲከየም» መጨረሻው «የም» ነው፣ የመኖሪያ ቤት፤ አቅመ ደካማ አረጋውያን የሚጦሩበት ማለት ነው። «ሲከፕላየር» የበሽተኛ ተንከባካቢ ነው። እኔ ማለት ነኝ።

የኖርዌይ ስሞች ጾታ አላቸው፤ ተባዕት፣ አንስታይና ግዑዝ። ጥምር ቃል ጾታውን የሚወስደው ከመጨረሻው ቃል ነው። ፊት ያለው ቃል እንግዳ ነው፤ የቤቱን ሥርዓት አይለውጥም። ለብዙ ቁጥር የሚጨመረውም፣ እኛ «ቤቱ» ስንል እንደምንጨምረው «ኡ» ያለው ምዕላድም ከመጨረሻው ቃል ላይ ይንጠለጠላል። «ሁስ» ቤት ከሆነ «ሁሰ» ቤቱ ነው፤ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «ት» አለው፣ ሲነገር ግን አይሰማም። «ሲከሁሰ» ስትሉ ሆስፒታሉ ማለታችሁ ነው። እንግሊዝኛ ይህንን ከፊት ያስቀምጣል። እኛና ኖርዌዮች ግን ከኋላ እንለጥፋለን።

የእኔ ጥፋት የመጣው ግን ይህን ሕግ ግማሹን ብቻ በማወቄ ነው። መጨረሻውን አየሁ፣ ጠብታ መሆኑን አወቅሁ፣ በዚያው ቆምኩ። መጨረሻው ነገሩን ይነግራል፤ የማን፣ የምን፣ ለምን የሚለውን የሚነግረው ግን መጀመሪያው ነው። መድኃኒት ላይ ደግሞ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው።

በቃላት ውስጥ ያገኘሁት ሐኪም ቤት

አንዴ ቁልፉ ከገባኝ በኋላ የሙያዬ ቃላት ሁሉ ይከፈቱልኝ ጀመር። «ሌገ» ሐኪም ነው። «ታንሌገ» የጥርስ ሐኪም፣ «ባርነሌገ» የሕፃናት ሐኪም፣ «ኧየሌገ» የዓይን ሐኪም፣ «ዲርሌገ» የእንስሳት ሐኪም። «ፋስትሌገ» ቋሚ ሐኪም ማለት ነው። ነዋሪው ሁሉ የራሱ ቋሚ ሐኪም እንዲኖረው የሚያደርገው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀምሯል። «ሌገቫክት» ደግሞ የሐኪም ዘብ ነው፤ ቋሚው ሐኪም በማይገኝበት ሰዓት ድንገተኛ ሕመም ሲያጋጥም የሚኬድበት።

ከሁሉ የወደድኩት የሰውነት ክፍሎችንና የበሽታ ስሞችን ነው። እኛ ትርፍ አንጀት የምንለውን እነሱ «ብሊንታርም» ይሉታል፤ ዕውር አንጀት። እኛ ትርፍነቱን አየን፣ እነሱ መውጫ እንደሌለው አዩ። እኛ የእንግዴ ልጅ የምንለውን እነሱ «ሙርካከ» ይሉታል፤ ቃል በቃል የእናት ኬክ። አዋላጇ «ዩርሙር» ናት፤ የምድር እናት። የስኳር በሽታ «ሱከርሲከ» ነው፤ ሱከር ስኳር፣ ሲከ በሽታ። እዚህ ላይ ምንም ልዩነት የለንም።

«በተነልሰ» የሚለውን ቃል ካወቃችሁ ደግሞ ግማሽ የሕክምና መጽሐፍ አወቃችሁ፤ መቆጣት ማለት ነው። «ሉንገ» ሳንባ ነውና «ሉንገበተነልሰ» ሳንባ ምች ነው። «ሃልስ» ጉሮሮ ነውና «ሃልስበተነልሰ» የጉሮሮ መቆጣት ነው። «የርነ» አንጎል፣ «ሂነ» ስስ ሽፋን ነውና «የርነሂነበተነልሰ» የአንጎል ሽፋን መቆጣት፣ እኛ ማጅራት ገትር የምንለው ነው። አንድ ኖርዌያዊ ገበሬ ሐኪሙ በላቲን ወይም በግሪክ ቃል ሳያደነጋግረው የታመመበትን ቦታ ከበሽታው ስም ብቻ ይረዳል ማለት ነው። ስንቱን በሽተኛ በማያውቀው ስም ሸኝተነዋል ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ነርሶችን «ሲስተር» እንደምንል እነሱም በድሮ ጊዜ «ሰስተር» ይሉ ነበር፤ እኅት ማለት ነው። ለሕፃናት ክትባት የምትሰጠውና እድገታቸውን የምትከታተለው የጤና ነርስ መጠሪያዋ «ሄልሰሰስተር» ነበር፤ የጤና እኅት። ሙያው ለወንዶችም ክፍት ስለሆነ እ.ኤ.አ. ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ መጠሪያው «ሄልሰሲከፕላየር» ተብሏል። የመጨረሻውን ቃል ለወጡት፣ እኅትነቱ ቀረ፣ ጤናው ባለበት ቆየ።

ስፌቱ የት ነው?

ቀዶ ሕክምና ክፍል የሠራ ሰው ያውቃል፤ ስፌት ከማግኘትህ በፊት አትቆርጥም። የልጁም ችግር ይኸው ነበር። የራሱን ትምህርት ቤት ስም እንኳ ይስተዋል። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ባርነስኩለ» ይባላል። «ባርነ» እና «ስኩለ»፤ የልጅ ትምህርት ቤት። እሱ ግን «ባርነስ» ብሎ ይቆርጥና «ኩለ» ላይ ይደናቀፋል።

ይህ ስሕተት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ኖርዌይኛ በመስመር መጨረሻ ላይ ቃል ሲከፈል አንድ ሕግ አለ። ተራ ቃል ሲሆን፣ ከአናባቢው በፊት ያለው አንድ ተነባቢ ብቻ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሻገራል። «ካከ» «ካ» እና «ከ» ተብሎ ይከፈላል፤ «ቫስከ» (ማጠብ) ደግሞ «ቫስ» እና «ከ»። በዚህ ሕግ ከሄድን «ባርነስ-ኩለ» ትክክል ይመስላል። ጥምር ቃል ሲሆን ግን መከፈል ያለበት ሁለቱ ቃላት በተጋጠሙበት በስፌቱ ላይ ነው፤ «ባርነ-ስኩለ»። ልጁ ሕጉን አላጣውም፤ ስፌቱን ነው ያጣው።

ስፌቱን የሚያሳዩ ክሮችም አሉ። አንዳንዱ ቃል ያለ ምንም ማያያዣ ይጣበቃል፤ እግር ኳሱ እንዲያ ነው። አንዳንዱ በመካከል «ኧ» የምትመስል ድምፅ ያስገባል፤ «ባርን» ልጅ፣ «ሃገ» የአትክልት ቦታ፣ ሲገጥሙ «ባርነሃገ» ይሆናሉ፤ መዋዕለ ሕፃናት ነው። አንዳንዱ ደግሞ «ስ» ያስገባል። «አርባይድ» ሥራ፣ «ፕላስ» ቦታ፤ ሲገጥሙ «አርባይድስፕላስ»፣ የሥራ ቦታ።

የ«ስ» ነገር ብልሃት አለው። የወይን ብርጭቆ «ቪንግላስ» ነው፣ «ስ» የለውም። ቀይ ወይን «ረቪን» ነው። የቀይ ወይን ብርጭቆ ግን «ረቪንስግላስ» ይሆናል። የፊተኛው ቃል ራሱ ጥምር ሲሆን ብዙ ጊዜ «ስ» ትገባለች፤ «ትልቁ ስፌት እዚህ ነው» ትላለች። ቀዩ ወይኑ እንጂ ብርጭቆው እንዳልሆነ በእሷ ታውቃላችሁ። እኛስ? «የቀይ ወይን ብርጭቆ» እና «ቀይ የወይን ብርጭቆ» ስንል ልዩነቱን የምታመጣው «የ» የምትቀመጥበት ቦታ ናት። የእነሱ «ስ» እና የእኛ «የ» አንድ ሥራ ይሠራሉ።

አንድ የተደበቀ ስፌትም አለ። አውቶቡስ «ቡስ» ነው፣ በሁለት «ስ» ይጻፋል። ማቆሚያ «ስቶፕ» ነው። ሲጋጠሙ ሦስት «ስ» መሆን ነበረበት። ኖርዌይኛ ግን በቃል ውስጥ ሦስት ተመሳሳይ ተነባቢ አያስቀምጥምና አንዷ ትጠፋለች። ቃሉ በመስመር መጨረሻ ላይ ሲከፈል ግን የጠፋችው ትመለሳለች፤ ሁለቱ ከላይ፣ አንዷ ከታች። የልጅ ልጄ ይህን ሲሰማ «ተደብቃ ነበር» አለና ሳቀ። ከዚያ በኋላ በየአውቶቡስ ፌርማታው የተደበቀችውን «ስ» እንፈልግ ጀመር።

በጭብጨባ የሚቆረጥ ቃል

በትምህርት ቤታቸው ልጆች ቃላትን እያጨበጨቡ ይከፋፍላሉ። በአንድ ትንፋሽ ለሚወጣ ለእያንዳንዱ የቃል ክፍል አንድ ጭብጨባ። «ሲ-ከ-ሁስ» ሦስት ነው። «ባር-ነ-ባርን» ሦስት ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ የሚሰማ አናባቢ በቆጠራችሁ ቁጥር አንድ ጊዜ ታጨበጭባላችሁ። ፊደላቸው 29 ነው፣ ከዚህ ውስጥ አናባቢዎቹ ዘጠኝ ናቸው።

እኔ ደግሞ የራሴን ዘዴ አመጣሁ። ቃላቱን በእኛ ፊደል ጻፍኳቸው። ሀሁ እኮ አናባቢና ተነባቢን በአንድ ቅርጽ የያዘ ነው፤ «ሲ» ስትጽፉ አንድ ጭብጨባ፣ «ከ» ስትጽፉ አንድ ጭብጨባ ተጽፎ ይገኛል። ሳድሱ ላይ ብቻ መጠንቀቅ ነው። «ስኩለ» ሦስት ፊደል ቢሆንም «ስ» ያለ አናባቢ ስለምትነበብ ጭብጨባው ሁለት ነው። በዚህ ዘዴ ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጠፍን። በግራ የእነሱ ፊደል፣ በቀኝ የእኛ፣ በመካከል በቀይ እስክሪብቶ የስፌቱ መስመር። ልጁ የእኛን ፊደል ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። «ይቺ ምንድን ናት?» «ከ ናት።» «ይቺስ?» «ሁ ናት።»

ከዚያ የርነሂነበተነልሰን አቀረብኩለት። ስምንት ጭብጨባ ያለው ቃል ነው። አይቶ ፊቱን አዞረ። «ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ስፌቱን ፈልግልኝ» አልኩት በእናቱ አስተርጓሚነት። ቀይ እስክሪብቶውን ያዘ። ብዙ ቆየ። መጀመሪያ «የርነ» ላይ አሰመረ፣ ጭንቅላቱን በጣቱ መታ መታ አደረገና አየኝ። ከዚያ «ሂነ» ላይ። ሲጨርስ ቃሉን በአንድ ትንፋሽ አነበበው። እናቱ ሕፃኗን እያጠባች ነበር፤ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው፤ ምንም አልተናገረችም። ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

ባዶ ቦታ የሚያመጣው ጣጣ

ቃላትን ያለቦታቸው ማለያየት በኖርዌይ የታወቀ ስሕተት ነው። የቋንቋ ምክር ቤታቸው ስለዚህ ምክር ይሰጣል፣ ጋዜጦችም ይቀልዱበታል። «ላመሎር» አንድ ላይ ሲጻፍ የበግ ጭን ነው፤ ሥጋ ቤት የሚሸጥ። ተለያይቶ «ላመ ሎር» ሲጻፍ ግን ሽባ የሆኑ ጭኖች ይሆናል። ቱና የተባለው ዓሣ ቁራጭ በጣሳ ላይ ተለያይቶ ሲጻፍ «ቱና ይናከሳል» ይሆናል። የተጠበሰ የዶሮ ጉበት ተለያይቶ ሲጻፍ «የተጠበሰ ዶሮ ይኖራል» የሚል ትርጉም ይይዛል፤ ጉበትና መኖር በእነሱ ዘንድ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፋሉና።

ለጤና ሠራተኛ የማያስቀው ግን ይህ ነው። «ረይክፍሪት» አንድ ላይ ሲጻፍ ከጭስ ነጻ፣ ማጨስ ክልክል ማለት ነው። ተለያይቶ ሲጻፍ «በነጻነት አጭሱ» ይሆናል። ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 2004 ጀምሮ በምግብና በመጠጥ ቤቶቻቸው ውስጥ ማጨስ በሕግ በተከለከለበት አገር፣ አንዲት ባዶ ቦታ ሕጉን ገለበጠችው ማለት ነው።

ሲነገርም ልዩነቱ ይሰማል። ጥምር ቃል አንድ ዋና ጫና አለው፣ ብዙውን ጊዜም በመጀመሪያው ቃል ላይ ያርፋል። ሁለት ቃል ሲሆን ግን ሁለቱም የየራሳቸውን ጫና ይይዛሉ። ልጁ ሳያውቀው በጆሮው ይለየዋል። እሱ የተቸገረው ጆሮው የሚያውቀውን ዓይኑ እንዲያይለት ነበር።

አንድ ቀን ሽሮ ሠርቼ እንጀራ አቅርቤ «ምን ልብላ?» ሲለኝ መልሱን ራሱ ፈጠረ፤ «ሙርሙርማት»። «ማት» ምግብ ነው። የአያት ምግብ። በመዝገበ ቃላት የለም። ግን ማንም ኖርዌያዊ ቢሰማው ይገባዋል። የዚህ ቋንቋ ጸጋው ይህ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሁለት ቃል ገጣጥሞ አዲስ ነገር ሊሰይም ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ አይደል?

ለወላጆችና ለአያቶች

ያን የጠብታውን ነገር ለልጄ ሳልነግራት ልቀር አስቤ ነበር። ማንም አላየም፣ ልጁም አልተጎዳም። ነገር ግን ሥራ ላይ ሳለሁ «ያልተነገረ ስሕተት ነገ ይደገማል» እያልኩ ሌሎችን ስገሥጽ ኖሬ፣ በራሴ ቤት ልደብቅ? ማታውን ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ ተነስታ የአማቼን ጠርሙስ ወደ ሌላ መደርደሪያ ወሰደችና በሁለቱም ላይ በአማርኛ «ጆሮ»፣ «ዓይን» ብላ ጽፋ ለጠፈች። «እማዬ፣ ጥፋቱ የኔም ነው፣ ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ» አለችኝ። በማግሥቱ ልጁ ስለ ራሱ ጀግንነት ለአባቱ ሲተርክ ሰማሁት። ማንበብ አይችልም የተባለ ልጅ የአያቱን እጅ በንባብ ማስቆሙን ሦስት ጊዜ ደገመው።

ልጆቻችሁ በውጭ አገር የሚያድጉ፣ ወይም እንደኔ ልታርሱ የምትሄዱ እናቶች፣ ከዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ፦

አንደኛ፣ በማታውቁት ቋንቋ የተጻፈ መድኃኒት ያለ ቤተሰብ ማረጋገጫ አትስጡ። የጠርሙሱን ላይ የሕመምተኛ ስም አንብቡ፤ ስም በየትኛውም ቋንቋ ስም ነው። የጆሮና የዓይን ጠብታ በአንድ ቦታ አይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ልጅ በረጅም ቃል ሲደናቀፍ «ቶሎ በል» አትበሉት። ቃሉን እንዲበልተው እርዱት፤ መጨረሻውን ይለይ፣ ከዚያ መጀመሪያውን፣ ከዚያ ማያያዣውን።

ሦስተኛ፣ እናንተም ተማሩ። ልጅ አያቱን ሲያስተምር ከማፈር ይላቀቃል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ያም ሆኖ ችግሩ ከሰነበተ ዓይኑንና ጆሮውን ማስመርመር፣ መምህሩንም ማነጋገር ያስፈልጋል።

ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል። በየቅዳሜው ይደውልልኛል። በኖርዌይ ቅዳሜ ልጆች ጣፋጭ የሚበሉበት ቀን ነው፤ ስሙም «ለርዳግስጎት» ነው፣ የቅዳሜ ጣፋጭ። እሱ ከረሜላውን እየበላ አዲስ ረጅም ቃል ያነብልኛል፣ እኔ ስፌቱን እናገራለሁ፤ ስስት ይስቅብኛል።

ባለፈው ሳምንት ግን ጥያቄው በአማርኛ ነበር። እናቱ አንድ ፎቶ አሳይታው ኖሮ «ቤተ መጻሕፍት» የሚለውን ፊደል በፊደል አነበበልኝ። ከዚያ «ሙርሙር፣ ቤት ፊት ነው ያለው። የቤቱ ባለቤት ለምን ፊት ሆነ?» አለኝ።

ምግብ ቤት ስንል ቤቱ ከኋላ ነው። ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥት ስንል ቤቱ ከፊት ነው። ስድሳ ዓመት ስናገረው አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። «ይሄኛው ከግእዝ የወረስነው ነው፤ በግእዝ ባለቤቱ ቀድሞ ይገባል» አልኩት። ጥቂት አሰበና «ስለዚህ የእኛ ሁለት በር አለው» አለ።

«የእኛ» ነው ያለው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ልብ ያልኩት።

ቸር እንሰንብት።